ሊኑክስ በመንግስት ቢሮ፤ ከምርጫው በፊት ሰነዱ ይቅደም

በርካታ መስሪያ ቤቶች ደብዳቤ የሚጽፉበት፣ የደመወዝ መክፈያ የሚያዘጋጁበትና የሩብ ዓመት ሪፖርት የሚያጠናቅሩበት ዊንዶውስ 10 የተሰኘው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ከአምራቹ ከማይክሮሶፍት ኩባንያ ያገኝ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም አብቅቷል። ኮምፒዩተሮቹ በማግስቱም እንደወትሮው ተከፍተዋል፤ ሰራተኛውም ስራውን ቀጥሏል። ለውጡ በዓይን የሚታይ ባለመሆኑ ብዙዎች ልብ አላሉትም። ይሁን እንጂ ከዚያች ዕለት ወዲህ በሲስተሙ ላይ የሚገኝ አዲስ የደህንነት ቀዳዳ በመደበኛው ማሻሻያ አይደፈንም። በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለው የዜጎች መረጃና የመስሪያ ቤቱ ምስጢርም ለአደጋ የተጋለጠ ይሆናል።

ከዚህ አኳያ አንድ መስሪያ ቤት ያለው አማራጭ ውስን ነው። የመጀመሪያው ወደ ዊንዶውስ 11 መሸጋገር ሲሆን፣ ይህ ሲስተም ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደህንነት ክፍልና በኢንቴል በኩል በአመዛኙ ከ8ኛው ትውልድ ጀምሮ የተሰሩ ፕሮሰሰሮችን ይጠይቃል። በመሆኑም እ.ኤ.አ ከ2017 በፊት የተመረተ ኮምፒዩተር የቱንም ያህል ደህና ቢሰራ መስፈርቱን አያሟላም። ሁለተኛው አማራጭ ለተጨማሪ የደህንነት ማሻሻያ መክፈል ነው። ኩባንያው ለድርጅቶች ይፋ ያደረገው መደበኛ ዋጋ ለአንድ ኮምፒዩተር በመጀመሪያው ዓመት 61 የአሜሪካ ዶላር ሲሆን፣ በየዓመቱ እጥፍ እየሆነ ቢበዛ እስከ 3 ዓመት ይዘልቃል። ይህ ማለት 100 ኮምፒዩተር ያለው መስሪያ ቤት በ3 ዓመት ውስጥ 42 ሺህ 700 ዶላር ያወጣል፤ በመጨረሻም ይበልጥ ያረጁትን እነዚያኑ ኮምፒዩተሮች ይዞ ይቀራል። ሦስተኛው ምንም ሳያደርጉ በነበረው መቀጠል ሲሆን፣ ይህ አማራጭ ሳይሆን አደጋን ማስተላለፍ ነው።

አራተኛው መንገድ ሊኑክስ ነው። ስለ ሊኑክስ ሲነሳ ግን ውይይቱ ብዙ ጊዜ "የትኛው ይሻላል?" በሚለው ጥያቄ ላይ ተወስኖ ይቀራል። የሌሎች አገራት መንግስታዊ ተቋማት ልምድ የሚያሳየው ግን የስኬትና የውድቀቱ ምክንያት በአመዛኙ የተመረጠው የሊኑክስ ዓይነት አለመሆኑን ነው። ወሳኙ ጉዳይ ሰነዶቹ፣ ቅጾቹና የዕለት ተዕለት ስራ የሚሰራባቸው ፕሮግራሞች አስቀድመው መዘጋጀታቸው ነው።

ሊኑክስ ምንድን ነው?

ሊኑክስ እ.ኤ.አ በ1991 የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በነበሩት ፊንላንዳዊው ሊኑስ ቶርቫልድስ የተጀመረ ሲሆን፣ ዛሬ በዓለም ዙሪያ በሚገኙ ባለሙያዎችና ኩባንያዎች በጋራ የሚሻሻል የኦፕሬቲንግ ሲስተም አስኳል ነው። የብዙዎቹ የኢንተርኔት ሰርቨሮችም ሆነ የአንድሮይድ ስልኮች ስራ በዚሁ አስኳል ላይ የተመሰረተ ነው። በመሆኑም "ሊኑክስ አይቼ አላውቅም" የሚል ሰራተኛ እንኳ በኪሱ ይዞት የሚዞርበት ዕድል ሰፊ ነው።

አስኳሉ ብቻውን ግን ለቢሮ ሰራተኛ አይጠቅምም። መስኮቶቹ፣ ማውጫዎቹ፣ የጽሁፍ ማዘጋጃው፣ የኢንተርኔት ማሰሻውና የፕሪንተር ማዘዣው ተሟልተው፣ ተፈትሸውና አንድ ላይ ተደራጅተው መቅረብ አለባቸው። በዚህ መልክ ተሟልቶ የሚቀርበው ጥቅል ዲስትሪቢዩሽን ወይም ስርጭት ይባላል። ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት፣ በአንድ ዓይነት ሻንሲና ሞተር ላይ የተለያዩ ጋራዦች የየራሳቸውን ቦዲ ሰርተው አንዱ የጭነት፣ ሌላው የህዝብ ማመላለሻ አድርጎ እንደሚያወጣው ማለት ነው። ሞተሩ አንድ ቢሆንም አቀማመጡ፣ ምቾቱና የጥገናው አገልግሎት ይለያያል።

አብዛኞቹ ስርጭቶች ያለ ፈቃድ ክፍያ ይገኛሉ። ፕሮግራሙ የተጻፈበት ኮድ ለማንም ክፍት ነው፤ በ1 ኮምፒዩተርም ሆነ በ1 ሺህ ኮምፒዩተር ላይ መጫን ህጋዊ ነው። ያለ ፈቃድ በተባዙ ፕሮግራሞች የሚሰራ መስሪያ ቤት በአንድ በኩል የህግ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ማንነቱ ካልታወቀ ምንጭ በመጣ ማስከፈቻ አማካይነት የቫይረስ ስጋት እንደሚጋረጥበት ይታወቃል። ሊኑክስ ይህን ስጋት ከሥሩ የሚያስወግድ መሆኑ አንዱ ጥቅሙ ነው።

ስርጭቱ በምን መስፈርት ይመረጥ?

የስርጭቶቹ ብዛት በመቶዎች የሚቆጠር በመሆኑ ጀማሪውን ያደናግራል። ለመንግስት ቢሮ ግን 4 ጥያቄዎች ምርጫውን በእጅጉ ያጠቡታል።

የመጀመሪያው ጥያቄ የድጋፍ ዘመኑ ነው። ፌዶራ የተሰኘው ስርጭት ለምሳሌ አዳዲስ ቴክኖሎጂ ቀድሞ የሚታይበት ቢሆንም፣ በየ6 ወሩ ግድም አዲስ እትም ይወጣለታል፤ አንድ እትም የሚደገፈውም ለ13 ወራት ያህል ብቻ ነው። ይህ ለባለሙያ መልካም ሊሆን ይችላል፤ 200 ኮምፒዩተሮችን በየዓመቱ ማደስ ለማይችል መስሪያ ቤት ግን አያመችም። በአንጻሩ የረጅም ጊዜ ድጋፍ ያላቸው የኡቡንቱ እትሞች በየ2 ዓመቱ የሚወጡ ሲሆን፣ እያንዳንዳቸው ለ5 ዓመት መደበኛ የደህንነት ማሻሻያ ያገኛሉ። እ.ኤ.አ በሚያዝያ ወር 2024 የወጣው ኡቡንቱ 24.04 እስከ 2029 ድጋፍ አለው። ነሐሴ 2025 የወጣው ዴቢያን 13 ደግሞ በ2 ደረጃ የተከፈለ በድምሩ የ5 ዓመት ድጋፍ ታስቦለታል።

ሁለተኛው የኮምፒዩተሩ አቅም ነው። ኡቡንቱ 24.04 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራምና 25 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ይፈልጋል። ሊኑክስ ሚንት ከ2 ጊጋባይት ራም ጀምሮ የሚሰራ ሲሆን፣ ለተመቸ አሰራር ግን 4 ጊጋባይት ይመከራል። ኤክስኤፍሲኢ የተባለውን ቀለል ያለ ገጽታ የያዘው እትሙ አቅም ላነሳቸው ኮምፒዩተሮች ይስማማል። ባለ 32 ቢት የሆኑ እጅግ ያረጁ ኮምፒዩተሮችን በተመለከተ ግን እውነቱን መናገር ያስፈልጋል፤ ዋና ዋናዎቹ ስርጭቶች ትተዋቸዋል። ዴቢያንም ለእነዚህ መጫኛ ያዘጋጀው እስከ 12ኛው እትም ድረስ ብቻ ነው። እነዚህን በመጠገን ጊዜ ከማጥፋት በንብረት አወጋገድ ሥርዓት ማስወገዱ ይሻላል።

ሦስተኛው ለሰራተኛው ያለው ቅርበት ነው። በኡቡንቱ ላይ የተመሰረተው ሊኑክስ ሚንት፣ ሲናመን በተሰኘው ገጽታው፣ ከታች በግራ በኩል የሚከፈት ዋና ማውጫና ከታች የተዘረጋ የስራ ዝርዝር ያለው በመሆኑ ለዊንዶውስ ተጠቃሚ እንግዳ አይሆንበትም። ኡቡንቱ በበኩሉ የተለየ አቀማመጥ ያለው ሲሆን፣ ለመልመድ ጥቂት ቀናት ይጠይቃል። ይህ ስርጭት በደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሹትልወርዝ አማካይነት እ.ኤ.አ በ2004 የተጀመረ ሲሆን፣ ስያሜውም ከደቡባዊ አፍሪካ ቋንቋዎች የተወሰደና ለሌሎች የሚደረግን ሰብዓዊነት የሚገልጽ ነው።

አራተኛውና ዋነኛው ግን አንድ ወጥ መሆኑ ነው። የሰው ኃይል አስተዳደሩ በኡቡንቱ፣ ፋይናንሱ በሚንት፣ ዕቅድ ክፍሉ በፌዶራ ቢሰራ የአይሲቲ ባለሙያው ለ3 ቢሮ 3 ዓይነት ሙያ ሊኖረው ይገባል ማለት ነው። በመሆኑም የተሻለውን ስርጭት ፍለጋ ከመድከም፣ ረጅም ድጋፍ ካላቸው መካከል አንዱን መርጦ በመላው መስሪያ ቤት አንድ ዓይነት ማድረግ ይበልጣል። ባለሙያው ኡቡንቱን የሚያውቅ ከሆነ ኡቡንቱ፣ ዴቢያንን የሚያውቅ ከሆነ ዴቢያን ትክክለኛ ምርጫ ነው።

ከሌሎች ልምድ ምን ይወሰዳል?

የፈረንሳይ ብሔራዊ ዣንዳርመሪ በተለይ በገጠርና በአነስተኛ ከተሞች ጸጥታ የሚያስከብር ወታደራዊ አደረጃጀት ያለው ኃይል ነው። ይህ ተቋም ወደ ሊኑክስ የሄደው በአንድ ጊዜ አይደለም። እ.ኤ.አ በ2005 ሰራተኞቹ በያዙት ዊንዶውስ ላይ እንዳሉ የጽሁፍና የሂሳብ ስራቸውን ኦፕን ኦፊስ በተባለው ነፃ ፕሮግራም እንዲሰሩ አደረገ። በተከታዩ ዓመት የኢንተርኔት ማሰሻውን ወደ ፋየርፎክስ፣ የኢሜይል ፕሮግራሙን ደግሞ ወደ ተንደርበርድ ለወጠ። ኡቡንቱን ለመትከል መወሰኑን ይፋ ያደረገው ከዚህ ሁሉ በኋላ በ2008 ነበር። በዚያን ጊዜ ሰራተኛው በየዕለቱ የሚከፍታቸውን ፕሮግራሞች ለምዷቸው ስለነበር የተለወጠበት ከሥር ያለው ሲስተም ብቻ ነበር። ፕሮጀክቱን ከመሩት መካከል አንድ ሌተናል ኮሎኔል ሰራተኛው ያስተዋለው ትልቁ ልዩነት የምልክቶቹ ምስልና የኮምፒዩተር ጨዋታዎቹ መሆናቸውን፣ ጨዋታ ደግሞ የተቋሙ ቅድሚያ አለመሆኑን መግለጻቸው ይታወሳል። ጄንድቡንቱ የተሰኘው የተቋሙ ስርጭት እ.ኤ.አ በ2024 ከ100 ሺህ በላይ በሆኑ ኮምፒዩተሮች ላይ ይሰራ ነበር።

የጀርመኗ ሙኒክ ከተማ ታሪክ ከዚህ ይለያል። የከተማዋ ምክር ቤት እ.ኤ.አ በ2003 ወደ ሊኑክስ ለመሸጋገር የወሰነ ሲሆን፣ ሊሙክስ በተሰኘው ፕሮጀክት በ2013 መጨረሻ 15 ሺህ ገደማ የሚሆኑ ኮምፒዩተሮች ተሸጋግረዋል። ስራው ከታሰበው በላይ ጊዜ ከወሰደባቸው ምክንያቶች አንዱ እያንዳንዱ መምሪያ ባለፉት ዓመታት በየራሱ መንገድ ያዘጋጃቸው እጅግ በርካታ የደብዳቤ ቅጾችና ማክሮዎች መኖራቸው ነበር። ከተማዋ እነዚህን አንድ ለማድረግ ቮልሙክስ የተባለ የራሷን ፕሮግራም እስከ መስራት ደርሳለች። በየመምሪያው ተበታትኖ የነበረው የአይሲቲ አደረጃጀትም ሌላው ፈተና ነበር። ምክር ቤቱ እ.ኤ.አ በ2017 ወደ ዊንዶውስ እንዲመለስ ወሰነ። ውሳኔው ፖለቲካዊ ገጽታ እንደነበረው የሚከራከሩ አሉ፤ ያም ሆኖ ከሌሎች ተቋማት ጋር የሚደረግ የሰነድ ልውውጥ የሚያስከትለው ችግር በሰራተኞች ቅሬታ ውስጥ በተደጋጋሚ ይነሳ እንደነበር የሚዘነጋ አይደለም።

በዚያችው ጀርመን የሽሌስቪግ ሆልስታይን ክልላዊ መንግስት ከዚህ የተማረ ይመስላል። የክልሉ ካቢኔ እ.ኤ.አ በሚያዝያ 2024 ሊብሬ ኦፊስን የ30 ሺህ ያህል የስራ ቦታዎች መደበኛ የጽሁፍ መሳሪያ አደረገ። በጥቅምት 2025 ደግሞ ከ40 ሺህ በላይ የኢሜይል ሳጥኖችን ወደ ነፃ ሶፍትዌር ማዛወሩን አስታወቀ። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን መለወጥ በቅደም ተከተሉ የተቀመጠው ከእነዚህ በኋላ ነው። "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" እንደሚባለው፣ ቅደም ተከተሉ ካልተጠበቀ መልካሙ ሀሳብም ሊፈርስ ይችላል።

የአማርኛ ሰነዶች ጉዳይ

ይህ ልምድ ወደ አገራችን ሲመጣ አንድ ተጨማሪ ጉዳይ ይገጥመዋል፤ ይኸውም ፊደላችን ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ በ1999 ይፋ በሆነው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ በቢሮዎች የተሰራባቸው ብዙዎቹ የአማርኛ ፕሮግራሞች ፊደሉን የሚያስቀምጡት በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነበር። የአንዱ ፎንት ቦታ ከ340 በላይ ለሚሆኑት የፊደልና የቁጥር ምልክቶች ስለማይበቃ በ2 እና ከዚያ በላይ ፎንቶች ይከፋፍሉታል። በዚህ መልክ የተጻፈ ደብዳቤ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት የሚታየው አማርኛ ሳይሆን ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደላት ድርድር ነው።

ጉዳዩ የሊኑክስ ብቻ አይደለም፤ አዲስ ዊንዶውስ ላይም ያው ነው። ለምሳሌ አንድ ሰራተኛ ጡረታ ሊወጣ ሲል ከ20 ዓመት በፊት የተጻፈለት የዕድገት ደብዳቤ ቢፈለግና የወረቀቱ ቅጂ ባይገኝ፣ ፋይሉ በኮምፒዩተር ውስጥ እያለ ላይነበብ ይችላል። በስም ቢፈለግም አይገኝም፤ ምክንያቱም ኮምፒዩተሩ ውስጥ የተቀመጠው የሰውየው ስም ሳይሆን የላቲን ፊደላት ነው። በሌላ አነጋገር፣ ወደ ሊኑክስ የመሸጋገር ሀሳብ ባይኖር እንኳ እነዚህን ሰነዶች ወደ ዩኒኮድ መለወጥ የመስሪያ ቤቱን ታሪክና የሰራተኞችን መብት መጠበቅ ነው።

ለዚህ ስራ የድሮ ፎንቶችን ጽሁፍ ወደ ዩኒኮድ የሚቀይሩ ፕሮግራሞች አሉ። ሆኖም ፎንቶቹ የተለያዩ በመሆናቸው አንዱ መቀየሪያ ለሁሉም አይሰራም። በመሆኑም በመጀመሪያ የትኛው ክፍል በየትኛው ፎንት ሲጽፍ እንደቆየ መመዝገብ፣ ጥቂት ሰነዶችን ቀይሮ ከዋናው ጋር ፊደል በፊደል ማመሳከር፣ ከዚያም በጅምላ መለወጥ ይገባል። ዋናው ፋይልም እንዳይጠፋ ለብቻው መቀመጥ አለበት። ይህ እስኪጠናቀቅ ድረስ የድሮው ፎንት የሚሰራበት አንድ ኮምፒዩተር በመዝገብ ቤት ማቆየት ብልህነት ነው።

በዩኒኮድ የተጻፉ ሰነዶች በሊኑክስ ላይ ያለ ችግር ይነበባሉ። ኖቶ ሴሪፍ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ ኤስአይኤል የተሰኙት ነፃ ፎንቶች ለደብዳቤም ለሪፖርትም የሚበቁ ናቸው። መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ሰነዱ ኒያላ በተሰኘው የዊንዶውስ ፎንት የተጻፈ ሲሆን ነው። ሊኑክስ ይህ ፎንት ስለሌለው በሌላ ይተካዋል፤ ጽሁፉ አይበላሽም፤ ሆኖም የፊደላቱ ስፋት ስለሚለያይ በአንድ ገጽ ያለቀው ደብዳቤ ፊርማው ወደ ሁለተኛው ገጽ ሊወርድ ይችላል። መፍትሔው መስሪያ ቤቱ አንድ ነፃ ፎንት መርጦ በዊንዶውስም በሊኑክስም ላይ መጫንና ከዛሬ ጀምሮ ሁሉም በእርሱ እንዲጽፍ ማድረግ ነው። ያለቀለት ደብዳቤም ወደ ሌላ መስሪያ ቤት ሲላክ በፒዲኤፍ ቢሆን ቅርጹ አይለወጥም።

ለጸሐፊዎች ከሁሉም የሚከብደው ግን የጣት ልማድ ነው። በሊኑክስ ላይ አማርኛ ለመጻፍ አይባስ የተባለው የፊደል ማስገቢያ ከኤም 17 ኤን ጥቅል ጋር ይጫናል፤ በዚህም ሴራ የተባለው የአጻጻፍ ሥርዓት ይገኛል። ስያሜው ከእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃል የመጣ እንጂ ከአማርኛው ቃል ጋር ግንኙነት የለውም። ሥርዓቱ የላቲን ፊደላትን በድምጻቸው በመጫን ፊደሉን የሚያወጣ በመሆኑ ለአብዛኛው ጸሐፊ ፈጽሞ አዲስ አይደለም። ይሁን እንጂ እንደ "ሐ"፣ "ኀ"፣ "ፀ" እና "ጸ" ያሉት የሚጻፉበት መንገድ ከለመዱት ሊለይ ይችላል። ኪማን የተሰኘው ሌላው ነፃ ፕሮግራምም በሊኑክስ ላይ የሚሰራ ሲሆን የአማርኛ የፊደል ገበታ አለው። ኪማን በዊንዶውስም ስለሚሰራ ጸሐፊዋ አሁን በያዘችው ኮምፒዩተር ላይ ቀድማ ልትለማመደው ትችላለች። በቀን 30 ደብዳቤ የምትጽፍ ባለሙያ ፍጥነቷ በአንድ ሳምንት እንደማይመለስ ኃላፊዎች ሊረዱላትና የስራ ጫናዋን ሊያቀሉላት ይገባል።

የትኛው ስራ ይሸጋገራል፣ የትኛውስ ይቆያል?

ሊብሬ ኦፊስ የጽሁፍ፣ የሂሳብና የገለጻ ሰነዶችን ያዘጋጃል፤ በማይክሮሶፍት ኦፊስ የተሰሩትንም ይከፍታል። የአማርኛ ገጽታም አለው። ለአብዛኛው ደብዳቤ፣ ቃለ ጉባኤና ሪፖርት የሚያንስ ነገር የለውም። በኤክሴል ውስጥ በማክሮ የተሰሩ የሂሳብ ቅጾች ግን ሁሉም በትክክል አይሰሩም፤ እያንዳንዳቸው ተፈትሸው አስፈላጊ ከሆነ እንደገና ሊሰሩ ይገባል። ፋየርፎክስና ተንደርበርድ፣ ቪዲዮ የሚያጫውተው ቪኤልሲ፣ እንዲሁም ለስራ መልዕክት በስፋት የሚያገለግለው ቴሌግራም በሊኑክስ ላይ ይሰራሉ። በኢንተርኔት ማሰሻ የሚከፈቱ አገልግሎቶችም ለአንድ ማሰሻ ብቻ ተብለው የተሰሩ ካልሆነ በቀር በሊኑክስ ላይ ችግር የለባቸውም።

በአንጻሩ የማይሸጋገሩ አሉ። በብዙ የሂሳብ ክፍሎች የሚታወቀው ፒችትሪ ለዊንዶውስ የተሰራ ነው። መሐንዲሶች የሚጠቀሙበት አውቶካድ፣ የካርታ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት አርክጂአይኤስ ፕሮ፣ የህትመት ባለሙያዎች የሚጠቀሙባቸው ፎቶሾፕና ኢንዲዛይንም የሊኑክስ እትም የላቸውም። ለካርታ ስራ ኪውጂአይኤስ ጥሩ ምትክ ነው፤ ለሌሎቹ ግን "ምትክ አለ" ብሎ ባለሙያውን ከስራው ማሰናከል አይገባም። እነዚህ ክፍሎች በዊንዶውስ ይቆዩ፤ ለእነርሱ አዲስ ኮምፒዩተርና ህጋዊ ፈቃድ ይገዛ። የሌሎቹ ወደ ሊኑክስ መሸጋገር ለዚህ የሚሆነውን በጀት ያስገኛል።

ፕሪንተርና ስካነርም አስቀድመው መፈተሽ አለባቸው። አዳዲስ የኔትወርክ ፕሪንተሮች በአብዛኛው ያለ ተጨማሪ ፕሮግራም ይሰራሉ። ለኤችፒ ፕሪንተሮችም ኤችፒሊፕ የተባለ ጥቅል አለ። አምራቹ የሊኑክስ ድጋፍ ያልሰጣቸው አንዳንድ የቆዩ ሞዴሎች ግን ባለሙያውን ለቀናት ሊያደክሙ ይችላሉ። ወደፊት በሚወጣ የፕሪንተር ጨረታ ላይ "በሊኑክስ የሚሰራ" የሚል አንድ መስመር በዝርዝር መግለጫው ውስጥ ማካተት ምንም ወጪ የማይጠይቅ መፍትሔ ነው።

ስራው እንዴት ይጀመር?

ሊኑክስን ለመሞከር ኮምፒዩተሩን መንካት አያስፈልግም። ስርጭቱ ከራሱ ከአዘጋጁ ድረ ገጽ ይወርዳል፤ የወረደው ፋይል ያልተነካካ መሆኑም በድረ ገጹ ላይ ከተቀመጠው መለያ ቁጥር ጋር ይመሳከራል። ከዚያም ሩፈስ በተባለው ወይም በተመሳሳይ ፕሮግራም ቢያንስ 8 ጊጋባይት በሆነ ፍላሽ ላይ ይጻፋል፤ በፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ ስለሚጠፋ ባዶ ፍላሽ ይመረጣል። ኮምፒዩተሩ ከዚህ ፍላሽ ሲነሳ ሊኑክስ ሳይጫን ይከፈታል። ድምጹ፣ ኔትወርኩ፣ ዋይፋዩና ፕሪንተሩ መስራታቸው በዚሁ ይረጋገጣል። ፍላሹ ተነቅሎ ኮምፒዩተሩ እንደገና ሲከፈት የቀድሞው ዊንዶውስ እንደነበረ ይገኛል።

ቀጣዩ እርምጃ ሰራተኛው በያዘው ዊንዶውስ ላይ ሊብሬ ኦፊስን፣ ፋየርፎክስንና የተመረጠውን ፎንት መጫን ነው። ከ3 እስከ 6 ወር በዚህ ቢሰራ የትኞቹ ቅጾች እንደሚበላሹና የትኛው ስራ እንደሚደናቀፍ በግልጽ ይታያል። ከዚህ በኋላ አንድ አነስተኛ የስራ ክፍል፣ በተለይም ደብዳቤና ሪፖርት የሚበዛበት፣ ለሙከራ ይመረጣል። ሊኑክስ ከመጫኑ በፊት የእያንዳንዱ ኮምፒዩተር ፋይሎች በሌላ ዲስክ ላይ ይገለበጣሉ፤ የተገለበጠውም በትክክል መከፈቱ ይረጋገጣል። ይህን ያልፈጸመ ባለሙያ መጫኑን ሊጀምር አይገባም።

የኢንተርኔት ፍጥነት ችግር በሆነበት ቢሮ አፕት ካቸር ኤንጂ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ጠቃሚ ነው። በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ይጫንና የወረዱትን ማሻሻያዎች ያስቀምጣል። ሌሎቹ የኡቡንቱ፣ የሚንት ወይም የዴቢያን ኮምፒዩተሮች እነዚያኑ ከእርሱ ይወስዳሉ። 50 ኮምፒዩተሮች አንዱን ፋይል 50 ጊዜ ከኢንተርኔት ማውረዳቸውም ይቀራል።

ሊኑክስ ቫይረስ አይነካውም የሚለው አባባል ትክክል አይደለም። ለዊንዶውስ የተጻፉና በፍላሽ የሚዛመቱት ቫይረሶች በእርሱ ላይ አለመስራታቸው እውነት ነው። ነገር ግን ደካማ የይለፍ ቃል፣ ያልተደረገ ማሻሻያና በኢሜይል የሚመጣ የማጭበርበሪያ መልዕክት በየትኛውም ሲስተም ላይ ጉዳት ያደርሳሉ። ሰራተኛው የተራ ተጠቃሚ መብት ብቻ እንዲኖረው፣ ፕሮግራም የመጫን ስልጣንም የአይሲቲ ባለሙያው እንዲሆን ማድረግ ተገቢ ነው።

ወጪን በተመለከተም ሊኑክስ የፈቃድ ክፍያ የለውም ማለት ወጪ የለውም ማለት አይደለም። የስልጠና፣ የሰነድ ቅየራና የባለሙያ ጊዜ ዋጋ አላቸው። ልዩነቱ ገንዘቡ የሚውልበት ቦታ ነው፤ ለውጭ ፈቃድ የሚከፈለው በውጭ ምንዛሪ ከአገር ይወጣል፤ ለስልጠናና ለሰነድ ቅየራ የሚውለው ግን በመስሪያ ቤቱ ሰራተኞች እውቀት ውስጥ ይቀራል። ይህም የሚሆነው ግን ኃላፊዎች ወጪውን አስቀድመው በዕቅድና በበጀት ሲይዙት ነው። "ነፃ ነው" ተብሎ ያለ በጀት የተጀመረ ሽግግር መጨረሻው ሰራተኛውን ማስቸገር ይሆናል።

በአጠቃላይ አንድ የመስሪያ ቤት ኃላፊ ነገ ጠዋት ለአይሲቲ ባለሙያው ሊያቀርብ የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄ "ኡቡንቱ ይሻላል ወይስ ሚንት?" የሚል አይደለም። "ካለፉት 20 ዓመታት ሰነዶቻችን ስንቱ ዛሬ ይነበባል? ስንቱስ ቅጽ በአንድ ሰው ኮምፒዩተር ላይ ብቻ ይሰራል?" የሚል ሊሆን ይገባል። የዚህ መልስ በእጁ ያለ መስሪያ ቤት ሊኑክስን ቢመርጥ ሽግግሩ ይቀልለታል፤ ዊንዶውስ 11ን ቢመርጥም ሰነዱ ከእርሱ ጋር ይሻገራል። መልሱ በእጁ የሌለ ግን የቱንም ቢመርጥ አዲስ ኮምፒዩተር ላይ የቆየውን ችግር ይዞ ይቀጥላል። በመሆኑም ስራው ሊጀመር የሚገባው ከመዝገብ ቤቱ ነው።